«ልክ ነው» ማለትና መለካት

ሰው ሁሉ ጋሽ ሜትሬ ይላቸዋል። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ይሁን እንጂ ዕድሜያቸውን በአናጺነት ሲያሳልፉ፣ አንድን ጣውላ ገና ከሩቅ አይተው ርዝመቱን ስለሚናገሩና በኋላ ሲለካም እንዳሉት ሆኖ ስለሚገኝ፣ ይኼኛው ስም በዚያኛው ላይ ተደርቦ ቀረ። እሳቸውም አልጠሉትም። ሰው ሲያሞግሳቸው «ኧረ እናንተ ደግሞ» ብለው እጃቸውን ያወናጭፋሉ እንጂ፣ ጆሯቸው አንዲት ቃል አታመልጠውም።

ታዲያ በዓይኑ የሚታመን ሰው ዓይኑን ሲያመው ለማን ይናገራል? ጋሽ ሜትሬም ዓይናቸው እንባ እያቀረረ ቢያስቸግራቸው፣ የሰፈራቸውን መድኃኒት ቤት አልፈው፣ ማንም የማያውቃቸው ራቅ ያለ መንገድ ድረስ ሄዱ። ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ መጣ ሲሉት ይቀራል፣ ቀረ ሲሉት ያካፋል። ጠብታቸውን ተቀብለው ወደ ኪሳቸው ሊከቱ ሲሉ ከኋላቸው የሴት ድምፅ ሰሙ።

«ጋሽ ሜትሬ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ዞር ቢሉ ጸጉር ሠሪዋ ናት። ልጇን በጀርባዋ አዝላለች። ልጁ ለጀርባ ከብዷል፤ ነገር ግን ከተወለደ ጀምሮ ወገቡ አልጸና ብሎት ብቻውን መቀመጥ አይችልም፣ አፉም ቃል አላወጣም። ጋሽ ሜትሬ እናትና ልጅን የሚያውቋቸው ለልጁ ግራና ቀኙን ደግፎ የሚይዝ ወንበር ስለሠሩለት ነው።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ» አሉ ጠብታውን በመዳፋቸው እየሸፈኑ። «አቧራ ቢጤ ገብቶብኝ ነው። የአንቺስ እግር እንዴት እስከዚህ ወሰደሽ?»

«የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ቅባቱ አልቆብኛል ብሎኝ ነው።»

«ልጁስ? ወንበሩን ወደደልሽ?»

«ወንበሩማ ምን ይወጣለታል!» አለች ፊቷ በራ ብሎ። «የመጣ ደንበኛ ሁሉ ‘ከየት አስመጣሽው?’ ነው የሚለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ እጄን ነጻ አወጡልኝ። ድሮ በአንድ እጄ እሱን፣ በአንድ እጄ የሰው ራስ ይዤ ስታገል ነበር የምውለው። ብቻ...»

«ብቻ ምን?»

«ብቻ እልኸኛ ሆነብኝ። ገና ሳስቀምጠው ለቅሶውን ያቀልጠዋል። ሰውነቱን የምታሠራለት፣ የወንበሩንም ሥዕል የሠራችልን ሲስተርም መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል፣ ቀስ እያለ ይለምዳል ብላኝ ነበር። እኔም ይልመድ ብዬ አንጀቴን አስሬ ቀበቶውን አጠብቅለትና ሥራዬን እቀጥላለሁ። እሱ ግን አይለምድም። ተወራጭቶ ተወራጭቶ ዳሌውን አቆሰለው። ቅባቱም ለዚያ ነው።»

ልጁን ወደ ጎን አዞር አድርጋ ሱሪውን ዝቅ አደረገችላቸው። ዳሌው ላይ፣ ቆዳው ተልጦ፣ ዙሪያውን የጠቆረ ቁስል አለ። ወዲያ ስታዞረውም እንደዚያው። በግራም በቀኝም፣ በአንድ ከፍታ፣ በአንድ ስፋት። ጋሽ ሜትሬ አዩት። ሲወራጭ የቆሰለ ሰው ቁስሉ እዚህም እዚያም ነው፤ ይኼ ግን ተለክቶ የተሠራ ይመስላል። በልባቸው ውስጥ አንድ ነገር «ተመልከት» አላቸው፤ እሳቸው ግን ፈርተው ጸጥ አሰኙት።

«ይለምደዋል» አሉ። «ልጅ ነው፤ ይለምደዋል።»

ልጁ ከእናቱ ትከሻ በላይ አሻግሮ አያቸው። ከዚያ በኋላ ጋሽ ሜትሬ ጃንጥላቸውን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ረስተው፣ በካፊያው እየበሰበሱ ወደ ሥራ ቤታቸው ተመለሱ።

ሥራ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የእሳቸው ነው፤ መላጊያው፣ መጋዙ፣ ሞረዱ በየሚስማሩ ተሰቅሏል፣ ወለሉም ፍቅፋቂ ነው። የኋለኛው ሌዘር የሚሉት፣ እንጨት በብርሃን የሚቆርጠው ማሽን ያለበትና የተቃጠለ ኮምፖርሳቶ የሚሸትበት ክፍል ነው። እሱን የምታዘው የእህታቸው ልጅ ናት። ትምህርቷን ልትጨርስ የተቃረበች በመሆኗ ጋሽ ሜትሬ ግማሽ በቀልድ፣ ግማሽ በኩራት «ኢንጂነር» ይሏታል። ስሙም እንደእሳቸው ስም ተለጥፎባት ቀርቷል።

«ጋሼ፣ በስብሰዋል እኮ! ጃንጥላው የት ሄደ?» አለች ከኮምፒውተሩ ፊት ብድግ ብላ።

«ተዪው ጃንጥላውን። ያን ልጅ አገኘሁት፤ የጸጉር ሠሪዋን። በወንበሩ ላይ እየተወራጨ ዳሌውን አቁስሏል። እናቲቱ እልኸኛ ነው ትላለች፤ ሲስተርም ይለምደዋል ብላታለች።»

«ሁለቱንም ጎን ነው ያቆሰለው?»

ጋሽ ሜትሬ ጥያቄውን አልወደዱትም። ሰው የሸሸውን ነገር ሌላ ሰው አንገቱን ይዞ ሲያመጣበት ደስ አይለውም።

«ሁለቱንም» አሉ ቀስ ብለው። «አድጎበት ይሆናላ። ልጅ እንደ ሣር ነው፤ ስታዪው አያድግም፣ ዞር ስትዪ አድጎ ይጠብቅሻል።»

«ከሠራንለት ገና ብዙ ጊዜ አልሆነውም ጋሼ። ሲስተር ደግሞ የላከችው ሥዕል ለማደጊያ ቦታ ጭምር የተተወበት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያን ጊዜ እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። ፋይሉን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኛ! ማን ይክፈተው? አንቺ ያሳየሽኝን አንድ ባንድ ተከትዬ ከፈትኩት። ምንም አላጎደልኩም።»

«ሲከፍቱት የጠየቀዎት ነገር አልነበረም?»

«አንድ ነገር ብቅ ብሎ በፈረንጅ አፍ ለፈለፈ። እሺ አልኩት።»

«ሳያነቡት?»

«በማላውቀው ቋንቋ የሚለኝን እንዴት ላነበው? ለጠየቀሽ ሰው እሺ ማለት ጨዋነት ነው። ብሎ ብሎ ከማሽን ጋር ልከራከር?»

ኢንጂነሯ ልትስቅ ነበር፤ ግን የአጎቷን ፊት አይታ ተወችው። ጋሽ ሜትሬ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ደግሞም» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እንዲሁ አልቆረጥኩትም። ኮምፒውተሩ ላይ የወጣውን ሥዕል በስልክ ፎቶ አንስቼ ለሲስተር ላክሁላት። ደወልኩና ‘ልክ ነው?’ አልኳት። ‘ልክ ነው’ አለችኝ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? የሥዕሉ ባለቤት ልክ ነው ካለች ልክ ነው!»

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ ስለዚህች ቃል ጥቂት ልበል። በቋንቋችን ልክ የማትሸከመው የለም። እውነት ሲሆን ልክ ነው እንላለን፤ ሲያምርም ልክ ነው፤ ጫማ እግር ውስጥ ሲገባም ልክ ነው፤ ሰው ሲጠግብ ልክህን እወቅ፣ ሲከፋን ልክ አገባሃለሁ። ይህን ያህል ሸክም የተሸከመች ቃል አንድ ቀን መውደቋ አይቀርም። የወደቀችውም በዚህ ልጅ ላይ ነው።

«ጋሼ» አለች ኢንጂነሯ በቀስታ፣ «እርስዎ የጠየቋት ስፋቱን ነው። እሷ ግን በመዳፏ በምትይዘው ስልክ ላይ ያን ወንበር ስታይ፣ ጀርባው አለ፣ መቀመጫው አለ፣ የቀበቶው ቀዳዳ በቦታው ነው፤ ሥዕሉ ሥዕሏ ነው። ‘ልክ ነው’ ያለችው ለዚህ ነው። በስልክ ላይ ዝሆንም ልክ ነው፣ ጉንዳንም ልክ ነው።»

«አንቺ የቃል ጨዋታ ትጫወቺያለሽ፤ እዚህ የልጅ ሥጋ ቆስሏል!»

«ስለቆሰለ ነው የምናገረው። ያ የተቆረጠበት ትራፊ ጣውላ አልተጣለም አይደል?»

አልተጣለም። ጋሽ ሜትሬ እንጨት አይጥሉም። ከግድግዳው ጋር ተደግፎ ቆሟል፤ መቀመጫው ተቆርጦ የወጣበት ቦታ መሐሉ ላይ እንደ መስኮት ተከፍቷል። ኢንጂነሯ ወደ ብርሃኑ አወጣችው።

«እስኪ እንደ ልማድዎ በዓይንዎ ይንገሩኝ። ይኼ ክፍት ወርዱ ስንት ነው?»

ጋሽ ሜትሬ እንባ ያቀረረውን ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱና «ሠላሳ ሴንቲ» አሉ። «ሞቼ እገኛለሁ ካልሆነ።»

የብረት ማስመሪያውን አጋደመችበት። ሠላሳ ነው። ትንሽ ኩራት በሽማግሌው ፊት ላይ ብልጭ አለ። እሷ ግን ወደ ኮምፒውተሩ ሄዳ ሲስተር በሥዕሉ ጥግ በእጇ የጻፈችውን ቁጥር አጉልታ አሳየቻቸው።

ሠላሳ ሁለት ይላል።

«ዓይንዎ አልተሳሳተም» አለች። «ዛሬም ያን ዕለትም አልተሳሳተም። ግን ስንት ሊሆን ይገባው እንደነበር ማንም አልጠየቀውም።»

ጋሽ ሜትሬ ሳያስቡት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የመጨረሻ ምሽጋቸውን ያዙ።

«ይሁን። ማሽኑ አሳሳተኝ እንበል። ግን ሥዕል ሁለት ሴንቲ ከየት ይቀንሳል? እንጨት ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ ሥዕል ደግሞ ምን አድርቆት?»

«ሥዕሉ ውስጥ ሴንቲሜትር የለም ጋሼ። ያለው ነጥብ ነው። ሲስተር የምትሠራበት የድሮው ፕሮግራም ለአንድ ኢንች ዘጠና ነጥብ ይቆጥራል። የኛው ደግሞ ዘጠና ስድስት። ነጥቦቹ ያው ናቸው፤ ቆጣሪው ግን ሌላ ነው። ያ ብቅ ያለው ነገርም የጠየቀዎት ይህንኑ ነበር፤ ‘ይህ ሥዕል በድሮው አቆጣጠር የተሠራ ይመስላል፣ ላስተካክለው ወይስ እንዳለ ልውሰደው?’ ነው ያለዎት።»

ጋሽ ሜትሬ ግንባራቸውን አሹት። ነጥብና ኢንች አእምሯቸው ውስጥ ተጋጭተው ቆዩ፤ ከዚያ ድንገት ከሩቅ የመጣ ነገር ፊታቸውን ለወጠው።

«ቆይ እስኪ። እናቴ ጨርቅ በክንድ በሚለካበት ዘመን ልትገዛ ስትሄድ ረጅሙን አጎቴን ይዛ ነበር የምትሄደው። ሻጩ በራሱ አጭር ክንድ ሲለካ ‘የለም፣ በዚህ ሰውዬ ክንድ ለካልኝ’ ትላለች። አምስት ክንድ አምስት ክንድ ነው፤ ግን የማን ክንድ?»

«ይኸው ነው!» አለች ኢንጂነሯ። «እኔ በዚህ ሁሉ ነጥብ ያላስረዳሁትን እርስዎ በአንድ ቃል ጨረሱት። ፋይል ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ‘የማን ክንድ?’ ነው። የሠራው ሰው በሴንቲ ነው የሠራው ወይስ በኢንች? ፕሮግራሙ ከየት የመጣ ነው? እኛስ ወደ ማሽኑ ስናሻግረው በየትኛው ነው የምናወጣው? ሌላው ፋይል ደግሞ ከነጭራሹ ቁጥር ብቻ ይዞ ይመጣል፤ አሥር ይላል፣ አሥር ምን እንደሆነ አይልም። ያኔ ቤት የሚያህል ወይም ጥፍር የሚያህል ነገር ይወጣል። እሱ ደግ ነው፤ ማንም ያየዋል። ክፉው እንዲህ ያለው ነው፤ ከሠላሳ ሁለት ሁለት ብቻ የሚሰርቀው።»

«እንግዲያ ለምን አላየሁትም? እጄ ለምን አላወቀም?» አሉ ጋሽ ሜትሬ። ይህን ሲጠይቁ እሷን ሳይሆን እጃቸውን ነበር የሚያዩት።

ኢንጂነሯ የምትለው እንደሚያማቸው ታውቃለች።

«ሲገጣጥሙት ጣውላው ከጣውላ የሚገባባቸው መሰኪያዎች አልጠበቡዎትም ጋሼ?»

«ጠበውኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ሞረድኳቸው። አንድ ባንድ። ስገጣጥማቸው እንደ ቅቤ ገቡ።»

«ሥዕሉ ሲያንስ የመሰኪያው ቀዳዳም አብሮ ያንሳል። ጣውላው ግን ውፍረቱ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ የኛን ፋይል አያውቅም። ለዚህ ነው አልገባም ያለው። መሰኪያው ይጮህ ነበር ጋሼ። ‘መጠኔ ይኼ አይደለም’ እያለ ይጮህ ነበር።»

«እኔም በሞረድ አፉን ዘጋሁት» አሉ።

ያን ቀን በሠሩት ሥራ ምን ያህል ኮርተው እንደነበር ትዝ አላቸው። የተካነ እጅ ያልተካነው የማይችለውን አንድ ጥፋት ይችላል፤ ስሕተትን አሳምሮ ይገጥማል። ጀማሪ ቢሆን ኖሮ አልገባ ሲለው ይዞት ይመጣ ነበር። ጋሽ ሜትሬን ያሳፈራቸው ድንቁርናቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐዘኑ በቀለለ፤ ያሳፈራቸው ግን ሞያቸው ነው።

«እንግዲህ ምን ይሻላል?» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ብዙ ጊዜ ስትነግሪኝ የነበረውን፣ ካርቶኑን ማለቴ ነው፣ እስኪ ድገሚልኝ። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ሥራ ካርቶን ስንቆርጥ ልንውል ነው ወይ ብዬ ስቄብሻለሁ።»

«ሥዕሉን የሚሠራው ሰው ጥጉ ላይ ጎኑ አሥር ሴንቲ የሆነ አራት ማዕዘን እንዲያስቀምጥ እንለምናለን። አሥር ሴንቲ ነው ብሎም ይጻፍበት። እኛ ያቺን ማዕዘን ብቻ መጀመሪያ ካርቶን ላይ እንቆርጣለን፣ በማስመሪያ እንለካለን። አሥር ከሆነች ሌላውም እውነት ነው። ዘጠኝ ከምናምን ከሆነች ማሽኑን አናስነሳም። ያልገባ መሰኪያም ለምን እንዳልገባ ሳናውቅ ሞረድ አይነካውም። ደግሞ...» ብላ አመነታች።

«ተናገሪ፤ ዛሬ የማልሰማው የለም።»

«ከእንግዲህ በዚህ ቤት ሰውን ‘ልክ ነው?’ ብለን አንጠይቅ። ‘ስንት ነው?’ እንበል። ልክ ነው ለሚለው ጥያቄ ሰው ከአክብሮት የተነሣም፣ ቸኩሎም፣ ገብቶት ሳይሆን ገብቶኛል ብሎም ‘አዎ’ ይላል። ስንት ነው ላሉት ግን ቁጥር ካልያዘ መልስ የለውም።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ ጋሽ ሜትሬ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ይሁን። ነገ እንቆርጣለን። አዲሱን ወንበር ለእናቱ ይዤ እሄድና ‘የተሻለ ሠራሁልሽ፣ ያኛውን መልሺልኝ’ እላታለሁ። እሷም ትመርቀኛለች፣ ልጁም ያርፋል፣ ነገሩም በዚሁ ያልቃል።»

«አያልቅም» አለች ኢንጂነሯ።

«ምኑ ነው የማያልቀው?»

«አይቆጡኝና፣ አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። ያጠፋነውን ሊነግሯት ይገባል።»

ጋሽ ሜትሬ ከወንበራቸው ተነሡ። «ስሚ የእህቴ ልጅ። ሰው ሜትሬ የሚለኝ ዕድሜዬን ከፍዬበት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። እኔ የቀረኝ ጥቂት ዓመትና ይኼው ስም ነው። ጸጉር ሠሪ ደግሞ የሰፈር ሬዲዮ ናት፤ ዛሬ ብነግራት ነገ ያልሰማ ራስ አይኖርም። ወንበሩን ሠርቼ ከሰጠኋት፣ በነጻ ከሰጠኋት፣ ምን ይጎድልባታል?»

«የእርስዎ ስም ከመቃብር በላይ ሲውል የልጁ ስም ‘እልኸኛ’ ሆኖ ይቅር?»

«ልጅ ነው፤ ይረሳዋል።»

«እሱ ይርሳው፤ እናቱስ? ያ ልጅ አመመኝ የሚልበት ሌላ አፍ የለውም። ያለው ለቅሶው ነው። እሷ ደግሞ ለቅሶውን አለማመን ተምራለች፤ ያስተማርናት እኛ ነን። ወንበሩን በዝምታ ብንለውጠው ወንበሩ ይቃናል፣ ትምህርቱ ግን ባለበት ይቀራል። ነገ ጥርሱን ቢያመው፣ ሆዱን ቢቆርጠው፣ ‘እልኹ ነው፣ ይልመድ’ ብላ ቀበቶውን ታጠብቃለች። ወንበሩ በመሰኪያው ጮኸ፣ በሞረድ ዘጋነው። ልጁ በአፉ ጮኸ፣ ‘ይለምደዋል’ ተባለ። ማን ይስማው ጋሼ?»

እሷ ስለ ሲስተር መናገሯ ነበር። መድኃኒት ቤት ውስጥ የሲስተርን ቃል ማን እንደደገመው አታውቅም። ጋሽ ሜትሬ ግን ያውቃሉ። ልጁ በእናቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያያቸው አስተያየት ትዝ ሲላቸው በዚያች ሰዓት ሰው መሆናቸውን ጠሉት። «እሺ» አሉ፤ ይህኛውን እሺ ግን ጥያቄው ገብቷቸው ነው የተናገሩት።

በማግስቱ ሲስተርን ደወሉላት። «ሲስተር፣ ልክ ነው ወይ ብዬ አይደለም የምጠይቅሽ። የመቀመጫው ወርድ ስንት ነው?» አሏት። ሠላሳ ሁለት አለች፤ ለምን እንደጠየቋት ሲነግሯትም «እኔ እኮ ቅርጹን መስሎኝ ነው ልክ ነው ያልኩዎት» አለች። ኢንጂነሯ ፋይሉን እንደገና ከፈተች፤ ለጥያቄው አንብባ መለሰች፤ ማዕዘኗን ካርቶን ላይ ቆረጠች። ጋሽ ሜትሬ ማስመሪያውን በገዛ እጃቸው አጋድመው፣ መነጽር አጥልቀው፣ አሥር መሆኗን ጮክ ብለው ተናገሩ። ከዚያ ጣውላው ተቆረጠ። መሰኪያዎቹ ሞረድ ሳይነካቸው ገቡ።

ጸጉር ሠሪዋ ሥራዋን የምትሠራው በምትኖርበት ክፍል ነው። መስታወቱ በአንድ በኩል፣ አልጋው በሌላው፣ በመሐል ወንበሩ። ልጁ ፍራሽ ላይ ተጋድሟል። ጋሽ ሜትሬ አዲሱን ወንበር ደጃፉ ላይ አሳርፈው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ ሳይቀመጡ ተናገሩ። ክንዱንም፣ ነጥቡንም፣ ሞረዱንም አንድ ባንድ ነገሯት። «ልጅሽ እልኸኛ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «እውነቱን ነበር። ወንበሩ ጠብቦት ነበር። ያጠበብኩትም እኔ ነኝ። መድኃኒት ቤት ውስጥም ቁስሉን አይቼ ጠርጥሬ፣ ይለምደዋል አልኩሽ።»

ጸጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች።

«ስንት ነው የጠበበው?» አለች።

«ሁለት ሴንቲ።»

ሁለት ጣቶቿን አጣብቃ ስፋታቸውን አየች። ጋሽ ሜትሬ ስድብ ጠበቁ፤ ቢሰደቡ ይቀላቸው ነበር። እሷ ግን የተናገረችው ለእሳቸው አልነበረም።

«መትቼዋለሁ እኮ» አለች። «አንድ ቀን ደንበኛ ቤት ሞልቶ አላስሠራ ሲለኝ ጭኑን መታሁት። ዳሌው ቆስሎ እያለ፣ ዝም በል ብዬ ጭኑን መታሁት። ዝምም አለ።»

«እኔ ነኝ የመታሁት ልጄ» አሉ ጋሽ ሜትሬ።

«የለም ጋሼ። እጁ የኔ ነው።»

ኢንጂነሯ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። አዲሱን ወንበር አስገብተው ልጁን ሊያስቀምጡት ሲያነሡት፣ ገና እግሩ ሳይነካው በጩኸት ተንዘረዘረ። ወንበር ማለት ለእሱ አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ሴንቲ መስፋቱን ማን ይነግረዋል? እናቱ ወዲያው መልሳ አቀፈችው። «ይቆይ» አለች። «ሲፈልግ ይቀመጥበታል። አሁን ሂዱልኝ።» ሄዱ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ በጋሽ ሜትሬ ሥራ ቤት ብዙ ነገር ተለውጧል። ፋይል ይዞ የሚመጣ ሁሉ «የማን ክንድ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ግራ ሲገባው ይተረጎምለታል። ካርቶን ሳይቆረጥ ጣውላ አይቆረጥም። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ሰው ጫማውን የሚያስርበትን ጊዜ ነው። በዚህም እንጨት አይባክንም፣ ሥራ አይደገምም፣ ደንበኛም ከደጅ አይመለስም። ጸጉር ሠሪዋ እንደተፈራው ነገሩን ለሰፈሩ አልነዛችውም፤ ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገረችም። የተናገሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ለእንጨት ሠሪ ሁሉ፣ ሌዘር ገዛሁ ለሚላቸው ሁሉ ይነግራሉ። «ዓይንህ ቢነግርህም ጠይቀው፤ ከየትኛው ቁጥር ጋር ነው ያስተያየኸው በለው» ይላሉ። ሰውም ይሰማቸዋል፤ ሜትሬ ማለቱንም አልተወም። እሳቸው ግን ሲጠሩበት እንደ ድሮው ደስ አይላቸውም።

ልጁ በአዲሱ ወንበር የተቀመጠው ከብዙ እምቢታ በኋላ ነው። ቁስሉ ደርቋል፤ ጠባሳው ግን በግራም በቀኝም አለ፣ ይኖራልም። አንድ ቀን ጋሽ ሜትሬ ብሎኖቹን ሊያጠብቁ ሄደው በሩ ላይ ደረሱ። እናትየው የአንዲት ደንበኛ ጸጉር ግማሹን ሠርታ ግማሹን በእጇ ይዛለች። ልጁ ወንበሩ ላይ ሆኖ ማቃሰት ጀመረ። ጸጉሩን ለቀቀች፤ ሄዳ ተንበረከከችና ጣቷን በወንበሩ ጠርዝ ዙሪያ፣ ከዚያም በቀበቶው ሥር አንድ ባንድ ታስኬድ ጀመር።

«ምነው ትተሽኝ ሄድሽ?» አለች ደንበኛዋ፣ ግማሽ ራሷ ተበትኖ። «ማልቀስ ልማዱ አይደል እንዴ?»

«ልማዱ አይደለም» አለች እናቱ ዞር ሳትል። «የሚነግረኝ ነገር አለ። እስካገኘው ጠብቂኝ።»

ደንበኛዋ ጠበቀች። ጋሽ ሜትሬም መፍቻቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ።